ጡረተኛው በሎጎ ሐይቅ ዳር

«ምን ነበር ሥራህ?» ሲል ጠየቀኝ እንድሪስ፣
መረቡን ዘርግቶ ቀዳዳውን ሲያድስ።
«እኔም መረብ ነበር» አልኩት «የዘረጋሁ፣
ከደሴ ሞያሌ ስሰፋ ያነጋሁ።»
«ቆሮሶ? አምባዛ? ምን ወጣልህ?» አለ።
ድምፅ ነበር ልበል? እሱም በኖ የለ።

አልነገርኩትም ግን፦
በዚያ ክፉ ኅዳር፣ «ዝጋ!» ያለ ደብዳቤ፣
ፈርሜበት ተኛሁ እራቴን ጠግቤ።
ሲነጋ የሐይቅ ሰው ጉብታ ላይ ወጣ፣
ስልኩን እንደ ዱዓ ሰማይ ላይ አሰጣ።
የእንድሪስ ልጅ ያኔ ኮምቦልቻ ነበር።
«የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትለውን ሴት
ከአሥራ ሁለት ድምፅ መካከል
የመረጥኳት እኔ ነኝ።

«ጫፉን ያዝልኝ» አለኝ፤ ያዝኩት። ክሩን ሲስበው
ጣቴን ቆርጦኝ ነበር፤ ዝም አልኩኝ፣ ይሳበው።