የሰው አያት

ቢቸና፣ ካያቴ ራስጌ፣ ከጠበንጃው መስቀያ ስር፣
ክንድ የሚያህል ሽማግሌ ይኖር ነበር።
እንጨት ነው። ሁለት እጁ ሆዱ ላይ አርፏል፣
ዓይኑ እንደ ስንዴ ፍሬ መሃሉን ተሰንጥቋል፤
ከግንባሩ እስከ እምብርቱ ነጠብጣብ ወርዶበት፣
እንደ እናቴ አንገት፣
ትርጉሙን ማንም ያልነገረን ንቅሳት አለበት።

ሃምሳ አለቃ ቢያድግልኝ ኮንጎ ዘምቶ ሲመጣ
በወታደር ሳጥን፣ በሹራብ ጠቅልሎ ያገባው ጣጣ።
የገዛው ከታንጋኒካ ዳር፣ ከተራበ ጎረምሳ፣
በሁለት ቆርቆሮ ሳርዲን። ዋጋውን ሲያነሳ
ድምፁ ይወርዳል።
«ልጁ ሲሰጠኝ ቀና አላለም፤ መሬት መሬት ያያል።
አያቱ ነው ሲለኝ አስተርጓሚው፣ ወንዙን ተሻግረናል።»

መሪጌታ ኅሩይ አይተው አማተቡ፤
«ጣዖት ከሆነ ይቃጠል» አሉ። አሰቡ፣ አሰቡ፣
«አያት ከሆነ ግን…» ብለው ብርሌያቸውን ጨለጡ፣
ሳይጨርሱት ወጡ።

አክስቴ ይርገዱ፣ በጥቅምት ውርጭ ሌሊት፣
ካሮጌ ነጠላዋ ቀድዳ ወገቡን ጠቀለለችለት፤
«የቆላ ሰው ነው፣ የደጋ ብርድ ይገድለዋል» ብላ።
ማንም ሳያይ ደሞ ጠብ አረገችለት፣ ከጠላ።

እኛ አያት የምናኖረው በአፍ ነው፣ በእንጨት አይደለም።
ድሮ ከሾላው ስር፣ ርስት ሲሞገት፣ ያልቆጠረ መሬት የለውም።
መሬቱ ተወርሶ እንኳ ቁጥሩ አልቀረም፤
ልምጭ ይዞ ያስቆጥረኛል፤ አንድ ስም ከዘለልሁ አይምርም።

በሞተባት ሌሊትም «ቁጠር» አለኝ።
ቢያድግልኝ የዋሴ፣
ዋሴ የቸሬ፣
ቸሬ የአንዳርጌ፣ አንዳርጌ የመርሻ፣
መርሻ የገላው፣
ገላው የእንግዳ።
«የእንግዳስ አባት?»
«አላስተማርኸኝም።»
«እኔንም አልነገሩኝም።»
ልምጩ የለም። መብራቱ ጭል ጭል ይላል።
አንገቱን በግድ ወደ ራስጌው አዞረ፤
«የሱንም ስም» አለ፣ «አልጠየቅሁም።
ሳርዲኑን ቆጥሬ ሰጠሁ እንጂ።»

አሁን እግሩን ምስጥ በልቶታል፤
ግድግዳ ተደግፎ ይውላል።
ይርገዱ ያለበሰችው ቅዳጅ ቀለሙ ጠፍቷል።
ልጄ ግን ማታ ማታ ሲቆጥር፣ በለጋ አፉ፣
ዋሴ፣ ቸሬ ብሎ፣ መርሻን፣ ገላውን አልፎ፣
እንግዳ ላይ ሲደርስ
ጣቱን ቀስሮ ወደ እንጨቱ ያሳያል።

አላረምሁትም።