ጨውና ቀለም

ማዘጋጃ ቤቱ፣ በረዶው እንዲቀልጥ፣
ሌሊት ጨው ይዘራል፣ ጎማ እንዳያዳልጥ።
ሳስካቱን ጨዋማ ናት። መንገዱን አብጅቶ፣
ጨው ያድራል መኪና ሥር፣ ብረት በልቶ በልቶ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ያንን ሆድ አያለሁ፣ በባትሪ አብርቼ።
እሑድ ከጥፍሬ ሥር፣ ግራሶዬን ፍቄ፣
ቃሉን አነባለሁ፣ ከጉባኤው ፊት ደምቄ።
“ቀለም የቆጠረ፣ ጨዋ ሰው ነው” ይሉኛል፤
ከጨው ጋር መዋሌን፣ ማን ልብ ብሎልኛል?

ጥር እኩሌታ ላይ፣ ጋሽ ጌጡ አንድ ማዝዳ፣
ከነገዢዋ አመጡ፣ ላገሩ እንግዳ።
ትርንጎ፣ ሌሊቱን፣ አረጋውያን አጥባ፣
አራት ሺህ ዶላሯን፣ ሁለት ክረምት ቆጥባ፣
“አንተ ደህና ካልከኝ፣ ይበቃኛል” አለች፤
ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ከበሩ ጥግ ቆመች።

ገባሁ። ከሥር ጥቁር፣ አዲስ ቀለም ያበራል፤
በመፍቻ ነካሁት፤ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።
ሻንሲው ባዶ ሆኗል። ጣቴ ገባ፣ አለፈ፤
ቀለሙ ብቻ ነው፣ ዝገቱን ያቀፈ።
መቃብር ኖራ ለብሶ፣ ሲነጣ ሰምቻለሁ፤
ጥቁር የተቀባውን፣ ያን ዕለት አይቻለሁ።

ጋሽ ጌጡ በርከክ ብለው፣ ጥቅሻ ወረወሩ።
ልጄን ሥራ ያስቀጠሩት፣ እሳቸው ነበሩ።
ወጥቼ፣ እጄን ጠርጌ፣ “ትሄዳለች” አልኳት።
እውነቴን ነው፤ ሄደች። ከዚህ በቀር አላልኳት።

ሌሊት አልጋዬ ላይ፣ ድልድዩን አስባለሁ፤
ከወንዙ በላይ ስትነዳ፣ ፍሬን ስትይዝ እሰማለሁ።

እሑድ የደረሰኝ፣ ስለ ምንጭ የሚያወራው፤
ባንድ አፍ ይፈልቃል ወይ፣ ከጣፋጩ መራራው?
አነበብኩ። አሜን አሉ። ከሦስተኛው ረድፍ፣
ትርንጎ እንቅልፍ ጥሏት፣ ከፈት ያለ አፍ፤
የማዝዳው ቁልፍ ጣቷ ላይ፣ እንደ ቀለበት ገብቶ።
ውኃ አመጣልኝ አንዱ፣ ድምፄ መጥፋቱን አይቶ።

ማታውን ደጇ ሄድኩ፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፤
በሰንሰለቱ ልክ ብቻ፣ በሩን ገርበብ አደረገች።
“ዋሽቼሻለሁ” አልኳት፣ “ከሥሯ ብረት የላትም፤
ገንዘብሽ ይኸውልሽ፤ ከዛሬ አትነጂያትም።”
ለጣራዬ ያስቀመጥኩት፣ አራት ሺህ ነበር በፖስታ።
አልነካችውም። ቆየች። እኔን ብቻ ተመልክታ፣
“ስንት ሰጡህ?” ብላ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤
“ምንም” አልኳት። ያኔ ነው፣ ከልቧ የጠላችኝ።
“መካኒክ መች ጠየቅሁ፣ መካኒክማ ሞልቷል፤
እሑድ የሚያነበው፣ ያ ሰውዬ የት ሄዷል?”

ማዝዳዋ ጓሮዬ ናት። ቀለሟን ገፈፍኩና፣
ከነዝገቷ ቆማለች፣ አሁን አታፍርምና።
ጋሽ ጌጡ ሰላም ነሱኝ፤ የልጄ ጉዳይ ገና።
ትርንጎን ፌርማታ አየኋት፤ ላድርስሽ ብል “ይቅር” አለች።
መሳፈሯን ነው? በደሌን? ሳልጠይቃት ባሷ ገባች።

ሽማግሌዎች ጠሩኝ፣ “ንባብ ለምን ተውክ?” ሲሉ፤
“ጉንፋን” ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምን ያህል ቅርብ ነው ቃሉ!
“አይደለም” አልኩ። ያቺ ቃል፣ ስትወጣ ከበደች፤
እንደ ዛገ ብሎን፣ አፌ ውስጥ ጮኸች፣ ዞረች።

ማዘጋጃው ዛሬም፣ ጨው ይዘራል ሌሊት፤
እኔም እለምናለሁ፣ ለምላሴ አንዲት ቅንጣት።