ሦስት መቶ ዋት

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው የጫነችውን፣
ባሕር ዳር ወረታ ተመላልሳ ያረጀችውን
ዶልፊኔን፣ ቤት አደረግናት፤
ወንበሯን ነቅለን አልጋ ዘረጋንባት፣
ጣሪያዋ ላይ ሶላር ሰቀልንባት፣
ከአልጋው ሥር ባትሪ፣ ከመስኮቷ መጋረጃ፤
የቀረን አንድ ነገር፦ ምድጃ።

«ጋዝ እንዳታስበው» አለች ስመኝ፣
«ሲሊንደር ራስጌዬ ቆሞ፣ እንቅልፍ እንዴት ይውሰደኝ?»
ከሰልም አይሆንም፤ በር ዘግተን በዝናብ ሌት
ጭሱ መውጫ የት አለው፣ ከዚች ጠባብ ቤት?

ማክሰኞ ሊመሽ ሲል፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣
ከይኸነው ሱቅ በራፍ አቆምናት።
ስመኝ ዘንቢል ይዛለች፦
አንድ ጣሳ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት በጠርሙስ፤
«ዕቃ የሚፈተን በወጥ ነው» ትላለች፣ «አይደለም በምላስ።»

የይኸነው ምላስ ከሱቁ ይሰፋል፤
መስታወት የለበሰ ምድጃ አውጥቶ በክርኑ ይወለውላል፦
«ይኼ ሁለት ሺህ ዋት ነው፤ ገና ሳትነኪው ያፈላል።
ይቺ ደግሞ መጥበሻ፣ ከነክዳኗ፤
ቆሮሶ ሲያርፍባት እስከ ጣና ይሰማል ዘፈኗ።
ይኼ ማንቆርቆሪያ…»
«ያቺስ?» አለች ስመኝ፣ ከታችኛው መደርደሪያ
አቧራ የጠጣች ድስት ጠቁማ በጣቷ፣
የሕፃን ባርኔጣ የምታክል፣ ድክ ያለች ቁመቷ።
«እሷማ የተማሪ ናት፤ ፔዳ ግቢ ያሉት ይወስዷታል፣
ኢንዶሚን ይቀቅሉባታል።
ሦስት መቶ ዋት! ሽሮሽ ሳይፈላ ይነጋል።»

እኔ በካርቶን ቁራጭ ላይ እደምራለሁ፦
ኢንቨርተሩ አንድ ሺህ፣ ባትሪው መቶ አምፒር፤
ጎርጎራ ሁለት ሌሊት ብናድር፣
ደመና ቢውል፣ ፀሐይ ብትሰወር…
ስሌቴ ሳያልቅ መብራት ሄደ፤
ከነፋርማሲው፣ ከነፀጉር ቤቱ፣ ሰፈሩ ላይ ጨለማ ወረደ።

«እንግዲህ» አለ ይኸነው ከጨለማው ውስጥ፣ «በእምነት ግዙ።»
«እምነት ለቤተስኪያን! ዕቃውን ሁሉ ወደ መኪናው ያዙ።»

በመንገዱ የበራች ዶልፊኔ ብቻ።
ይኸነው ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ አልጋችን ዳርቻ፤
ትልቁን ምድጃ ሰካን።
ቱግ! አለ፣ ቀላ፤ ኢንቨርተሩ ጮኸ እንደ ተነካ ንብ፤
ድርግም። ሲስቁ ሰማን፣ የሰፈር ልጆች፣ የመጡ ለመክበብ።
መጥበሻዋ ተከተለች፤ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣
የባትሪውን ሩብ ጠጥታ፣
«ለእሑድ ትሁን» ተባለች።
ማንቆርቆሪያው ውሃ ያውቃል፤ ሌላ ሙያ የለውም።

ከዚያ ባርኔጣዋ።
ስመኝ ሽሮዋን በጠበጠች፣ ከደነች፣ እጇን አጣጠፈች።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ድስቷ ምንም አላለች።
በዝምታው መሀል የሐይቁ ነፋስ ገባ፣ እምቦጭ እምቦጭ ይሸታል፤
አንዱ ልጅ ስልኩን ሰክቶ፣ መቶኛውን ይቆጥራል።
ይኸነው «አላልኩም?» ሊል አፉን ሲከፍት
ከክዳኗ ሥር፣ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው፣
ቱክ… ቱክ… ቱክ…

ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቱግ ብዬ ስጠፋ እኔ፣
ሠላሳ ዓመት ቱክ ቱክ እያለ ያቆየኝ ከጎኔ።
ይኼንኑ ልነግራት ዞር አልኩ፤
«ጨው አንሶታል» አለች።

በዳቦ በላን። ከሁላችን አብልጦ ባለሱቁ በላ።
«ዋጋዋ?»
«ሁለት ሺህ።»
«በልተህ?»
ጣቱን ላሰና፣ «ሺህ ስምንት መቶ፤ ሌላ አልጨምርም ኋላ።»

መብራት መጣ። ምድጃው በመስኮት ውስጥ አንጸባረቀ፤
ማንም ዞሮ አላየው፤
ልጁም ስልኩን ነቅሎ በሩጫ ራቀ።

ነገ ጎርጎራ፤ ጎማው ካልፈቀደ ቁንዝላ።
ዛሬ ግን ማን ተነሥቶ ይነዳል፣ ሆድ ሲሞላ?
መጋረጃውን ሳብን። ድስቷ በራስጌያችን ስትበርድ ጠቅ ትላለች፣
ስመኝ አንኮራፋች።
የመጀመሪያው የጉዟችን ሌሊት፤
ከቤታችን በእግር፣ ስምንት ደቂቃ ርቀት።