ያለ ወሩ

ህዳር እኩል ሆኖ፣ ጃንጥላዬን አጥፌ፣
ከቁም ሳጥን ጀርባ ለክረምት ደግፌ፣
ሌሊት ቆርቆሮዬን የሚደበድበው
ሌባ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዝናብ ነው።

ሦስት ቀን አላባራ። ጎረቤቴ ምንትዋብ፣
ያሰጣችው በርበሬ ሲዋኝ በዝናብ፣
ነጠላዋን ጥላ ወጥታ
"የማን ወር ነው ይሄ?" አለችው፣ ሰማዩን ቀና ብላ አይታ።

በአራተኛው ጠዋት ወጣሁ።
"በቀን አንድ ሰዓት ይራመድ" ብሏል ሐኪሙ፣
"ስኳሩ እንዲወርድ፣ እንዲላወስ ደሙ።"
ሰዓቴን አላይም ዳገቱ ካለቀ፤
እንጦጦ ከኋላ፣ ሱሉልታ ከፊቴ፣ ሜዳው እየራቀ፣
ጭቃው ከጫማዬ አልላቀቅ ብሎ፣
ሱሉልታ ሳልደርስ ሱሉልታ በእግሬ ተንጠልጥሎ።

መጀመሪያ ባሕር ዛፍ፤ ያ ረጅም እንግዳ፣
ለአንድ ሌሊት መጥቶ የቀረ በሰው ጓዳ።
ቅጠሉን ዘቅዝቆ ያንጠባጥባል ውሃ፤
ከሥሩ ግን ምንም፤ ልጣጭ፣ ደረቅ ፍሬ፣ በረሃ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ግን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ምሳር ካልደረሰበት፣ ከዓለቱ ጫፍ፣
አንድ ጽድ።
ከቅርንጫፉ የተንዠረገገው ሽበቱ
ውሃ ጠጥቶ ለምልሟል፤ ተመልሶለታል ልጅነቱ።
ከእግሩ ሥር ቀጨሞ፣ ከቀጨሞው ሥር ጦስኝ፤
ሳላየው ረግጬው፣ ሽታው ነው ያቆመኝ።
ይቅርታ አልኩት መሰለኝ።

ከፈፋው ማዶ ኮሶ፣ ዘለላው ከብዶት ጎንበስ ብሎ፣
ሆዱን እንደሚያመው ሰው ቆሟል፣ ውሃ አዝሎ።
አሜጃም፣ ያቺ ቢጫ ለባሽ፣ አንገቷን ደፍታ
የተጫነባትን ታራግፋለች በዝግታ።
ሳማው እንኳ ያምራል። እጄን ስዘረጋ
ለበለበኝ፤ ደግ አደረገ፤ ማን ጠራኝ ከእርሱ ጋ?
ቀጋው ፍሬው ቀልቶ፣ ወፍ ግማሹን በልቶ፤
የቀረውን ቀመስኩ፣ እሾሁ እጅጌዬን ጎትቶ።

የአደይ አገዳ ደርቋል፤ ቡናማ፣ ባዶ ራስ፤
ከመካከሉ ግን አንዲት፣ ከአውራ ጣቴ የማትደርስ፣
ዝናቡን ሐምሌ ነው ብላ ያመነች፣
አንድ አበባ ከፍታ ብቻዋን ቆማለች።
ማን ይንገራት በዓሉ እንዳለፈ?
እኔ አልነገርኳትም።

"እንዴት ያለ ጠዋት!" ልል አፌን ስከፍት፣
ጉደታን አየሁት ከድርቆሹ ፊት፣
መንሹን ተደግፎ።
ሐሙስ ነበር የሚመጣው ጭነት መኪናው።
ክምሩ ጠቁሯል፤ እንደ ከረመ ምንጣፍ ነው የሚሸተው።
"እጅህን አስገባ" አለኝ። እስከ ክርኔ ከተትኩ።
ይሞቃል።
ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይሞቃል።
"ካልተገለበጠ ከውስጡ ይበሰብሳል።"
ከዚያ ጫማዬን አየ፣ እጅጌዬን አየ።
"አንተስ ከቁጥቋጦው ምን ጠፍቶብህ ነበር?"
"አበባ ሳይ ነበር።"
ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሳቅም አልነበር።

ሁለተኛ መንሽ ነበረው። ተቀበልኩት።
ሐኪሙ ያላዘዘውን ሰዓት፣ እስከ ቀትር፣ አብሬው ገለበጥኩት።
ከክምሩ ሥር፣ ከጨለማው፣ ማገጥ በቅሏል፤
ነጣ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ፀሐይ ሳያይ አቆጥቁጧል።
ጉደታ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገውና
"ይሄንን ላሟ ታውቃለች" አለ፤ ዝም አለ እንደገና።

ማታ ከሱሪዬ ላይ ጭጎጊት ለቀምኩ።
ሰባት ነበሩ፤ አንዱ ወደቀ፣ አልፈለግኩትም።
መዳፌ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፣ ጣቴ ጦስኝ ጦስኝ።
በሰሜን በኩል ደመና አለ መሰል፣ ኮከብ አይታየኝ።
ለዚያች ድንክ አደይ ብዬ "ና" ልበለው፣
ለጉደታ ብዬ "ሂድ" ልበለው፣
ሳልወስን፣ ቆርቆሮውን ሳዳምጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጃንጥላው አሁንም ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው።