ያልተወሰደ ስልክ

ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነው፤
በብጫ ወረቀት ጀርባው ላይ ለጥፌ፣
"መስታወቱ ደቋል፣ ድምፁ አይሰማም" ብዬ
መዝገቤ ላይ ጽፌ
ያኖርኩት።

ቡሬ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ በርበሬ ተራ፣
ጥግ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ሱቄ
ሦስት ክረምት አለፈ፣ ባለቤቱ አልመጣም።
"አትሸጠውም ወይ?" ይሉኛል፣ መጠበቄ
ግራ ቢገባቸው። "ቀብድ ከፍሏል" እላለሁ።
አልከፈለም። ዋሽቻለሁ።

ስሙ አይቸው ነው። እናቱ ስትሰይመው
ምን አይታ እንደሆን እሷው ናት የምታውቅ፤
እሱ ግን ስሙን ሥራ አደረገው፣
ሌላው ዓይኑን ሲሰብር፣ ሌላው ሲሸማቀቅ።

ፊት የወረዳ ነበር። በወረዳ ካሜራ
ያልወረደ ውሃ "ወረደ" ሲያሰኝ፣
ሦስት ግንድ ተጋድሞ "ድልድይ ተሠራ"።
ያው ድልድይ ነው እንግዲህ፣ በሐምሌ ሌሊት
ምጥ የያዛትን ሴት ከነቃሬዛዋ
ለደራሽ የሰጣት።
"የምረቃውን ዜና ድገመው" አሉት ገና ሳትቀበር።
መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፣ ወጣ፤
ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ እንደ ለቅሶ ቤት በር።

ከኔ ዘንድ መጣ። ያገለገለ ስልክ
በዱቤ ሰጠሁት፣ ካሜራውን ጠግኜ።
ከሱቄ ጓዳ ቆሞ ሲናገር፣ የበርበሬው ብናኝ
ያስነጥሰዋል፤ ይሄኔ እኔ
"ይማርህ!" ስል ድምፄ አብሮ ይቀረጻል።
አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል።
ጅጋ ብወርድ፣ ደምበጫ ብሻገር፣
"ያ ይማርህ ባዩ!" ይሉኛል፣ አፌን ስከፍት ለነገር።

የዩሪያውን ጉድ ያወጣው እሱ ነው።
ገበሬው በዝናብ ተሰልፎ ሲያድር
በአይሱዙ ጭነው በጓሮ ሲያወጡት
ግንብ ላይ ተኝቶ ጆንያውን ሲቆጥር፣
ታርጋውን ሲቀርጽ...
ከዚያ ወዲያ ቡሬ ለሁለት ተከፈለ።
አንዱ "የእናት ልጅ"፣ አንዱ "በልቶበታል" አለ።
ቢሮ ያለው "የጫካ"፣
ጫካ ያለው "የቢሮ"፤
እሱ መሀል ቆሞ ይስቅ ነበር
እራቱን በቆሎ ቆርጥሞ አድሮ።

ከዘረዘራቸው ስሞች አንዱ ግን
"ልየው፣ ከመጋዘን" ይላል።
ልየው ሁለት ነበር። አንዱ ያው ሌባው ነው፤
አንዱ ሃያ ዓመት ቁልፍ ይዞ ኖሯል
አንዲት ፍሬ ሳይነካ።
አይቸው ሳያየው፣ ልየውን ሳይለየው
የጻድቁን ፎቶ ለጠፈው ለካ!

ሰው ለፍርድ ሰንፎ አያውቅም። በሣልስቱ
በሩ ጭቃ ተመረገ፤
ሚስቱ ወፍጮ ቤት ተራዋ ተዘለለ፤
ልጁን "የዩሪያ ልጅ" እያለ
ትምህርት ቤቱ አሳደገ።
ልየው አልጮኸም። ቁልፉን አስረከበ፣
የቻግኒን አውቶቡስ በጠዋት ተሳፈረ።

ማረሚያ አወጣ አይቸው። ስልኩን እኔ ያዝኩለት፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ።
ያን ቀን በርበሬው እንኳ አልቆረቆረው፣
አላስነጠሰም። ፈጠጠ።
ስድቡን አርባ ሺህ ሰው አይቶታል፤
ማረሚያውን መቶ አሥራ ሁለት።
ቆጥሬዋለሁ። መቶ አሥራ ሁለት።

በሳምንቱ በማታ መጣ። "ወድቆብኝ ነው" አለ።
የወደቀ ስልክ ከጥጉ ነው የሚሰነጠቅ፤
ይሄ ከመሀሉ ነው የደቀቀ፣ ድንጋይ እንዳረፈበት።
የማን ድንጋይ? የራሱስ ቢሆን? አልጠየቅኩም።
ወሰዱት አሉ። ሸሸ አሉ። መተማ ታየ አሉ።
ያየ የለም። ያ ሁሉ ሰው ይናገራል ባሉባሉ።

እኔ ጠገንኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤
ያበራል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ አላውቅም፣ አጠፋዋለሁ።

ትናንት አንድ ሽበታም ሰው መጣ፣ ስልክ ሊያሠራ።
ልየው ነው። መደርደሪያውን አየ፣ "የማን ነው?"
ነገርኩት። ዝም አለ።
ውጭ የበርበሬ ጆንያ ሲያራግፉ
ልየው አስነጠሰ። "ይማርህ" አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።
ቀና ብሎ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን፦
"ለኔ ነው ለሱ?"

መልስ የለኝም። ብጫ ወረቀት ቀደድኩ፣
ቁጥር ጻፍኩለት።