ወናፍና ካንዴላ

ሐሙስ ነው። ሻራቭ የሚሉት ትኩስ ንፋስ ቂርያት ማላኪ ላይ ተኝቷል፣
የጋራዡ ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ ግሏል፣
ኤሊራን ማዝዳውን እያስነጠሳት ገባ፤
ፊቱ የከሳሪ ነው፣ እጁ ዘይት የተቀባ።

«ጋሽ እንየው፣ እስከ አራት ሺህ ዙር ወርቅ ናት፣
ከዚያ በላይ ስረግጣት ሳል ይይዛታል፣ ምን ነካት?
ፓምፑን ቀየርኩ፣ ኮይሉን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሯን አስተካከልኩ፣
የሦስት ወር ደመወዜን በላች፣ እናቴን ዋሸሁ፣ ተበደርኩ።»
ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእናቱ አማርኛ፣
ቃል ሲያጥረው በትከሻው፤ እንዲህ ነን ስናወራ እኛ።

መከደኛውን አነሳሁ። ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ፣
በቀበቶ የሚሽከረከር፣ አየር የሚግት አንቆ፣
ሱፐርቻርጀር ይሉታል፤ ከጃፓን በመርከብ የመጣ፤
ከኔ አፍ ግን ገና ሳየው «ወናፍ!» የሚል ቃል ወጣ።
«ወናፍ ምንድን ነው?» አለኝ። ዕብራይስጡ ጠፋብኝ።
ጉንጬን ነፍቼ «እፍ!» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

አራቱን ካንዴላ ፈታሁ፤ እሱ «ፕላግ» ነው የሚላቸው፤
ጨርቅ ላይ በተርታ አስተኛሁ፣ እንደ ጥርስ ቆጠርኳቸው።
አንደኛዋ ቡናማ፣ ሁለተኛዋም ደህና ናት፣
ሦስተኛዋ ግን ጥላሸት፣ ያልነደደ ቤንዚን ያረሰረሳት።
አራተኛዋን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁና፣
የመለኪያዬን ስስ ምላስ በአፏ ሰደድኩ፤ ገና
ሳልገፋው ሾለከ። አንድ ነጥብ አንድ። ከፋብሪካ እንደወጣች፣
ወናፍ ለማታውቅ፣ ለዝግተኛ ሞተር እንደታሰበች።

«ተመልከት፣» አልኩት፣ «እዚህ መሀል፣ በዚች ጠባብ አየር ላይ፣
እሳቱ መዝለል አለበት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይዘገይ።
ወናፉ አየር ሲጠቀጥቅ፣ መሀሉ ይጠብቃል፣ ይከብዳል፤
ብልጭታው ሩቅ ከዘለለ መሀል መንገድ ይወርዳል።
ንፋስ ከበዛ ቀረብ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት፣ አይለፍ።
ግን አይነካኩ፤ የተጣበቀ ብረት መቼ ይሰጣል እሳት ቢገረፍ?»

ይህን ካታሎግ አላስተማረኝም።

አባቴ አያናው፣ ወገራ ላይ፣ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር፤
ወናፉ የኔ ድርሻ ነው፣ ሁለት የፍየል ቆዳ በእጄ ሥር።
ቀን ማረሻ የሚያሠሩት፣ ማታ ስሙን የሚፈሩ፣
«ዓይኑ ይበላል» ብለው ከእጁ መቀበል የማይደፍሩ፣
ብሩን ድንጋይ ላይ አኑረው ሁለት ክንድ ያህል ይርቃሉ፤
እሱም ማረሻውን እዚያው ያኖራል፤ አንስተው ይሄዳሉ።
አባቴ ሲሄዱ ይስቃል፦ «ልጄ፣ ዛሬ ስንዝር ቀርበዋል፤
ዝናቡ ቸኩሎ መሆን አለበት፤ ከኔ ይልቅ እርሻው አስፈርቷቸዋል።»

ይህን ለኤሊራን አልነገርኩም። ካንዴላዋን ዘረጋሁለት፤
ከእጄ ወሰዳት፤ ጣቱ ጣቴን ነካ፤ ምንም አልታየበት።
«ጠረጴዛው ላይ፣ በቀስታ፣ የውጪውን ጥፍር ነካ ነካ፣
መሀሏን እንዳትጫን፤ ሸክላዋ ከተሰነጠቀ ሌላ ግዛ፣ ተካ።»
አንዴ መታ፣ ለካ፤ ስምንት። ደግሞ መታ፤ ስድስት ሆነች፤
በዕብራይስጥ ተሳደበ። ከፈታት። ሰባት። ምላሷን ያዝ አድርጋ ለቀቀች።
«መጀመሪያ በእጅህ አዙር፣ ጥርሷ መንገዷን ታግኝ፤
ቁልፉ ኋላ ነው።» ታዘዘ። ታዞ አያውቅም፤ ገረመኝ።

ፕሮስፔር መዝጊያውን ሲያወርድ ማዝዳዋ ከአጥሩ ወጣች፤
አላስነጠሰችም። አቧራና የጎማ ሽታ ትታ ሄደች።

አርብ ጠዋት ከዓራድ ሜዳ ስልኬ ላይ ድምፅ ላከልኝ፤
ቃል የለበትም። ሞተር ብቻ። ከጆሮዬ አስጠጋሁኝ፦
አራት ሺህ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ወናፉ እያፏጨ፣
ሰባት ሺህ፤ አልተቆረጠም፤ የስልኬ ድምፅ ማጉያ ተንጫጨ።

ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛዋ፣ በኔ ጆሮ፣ አሁንም ታነክሳለች፤
ትንሽ ናት፣ የፀጉር ያህል። እሁድ ትምጣ፤ ትለካለች።