ሃያ ሁለት ወረቀት

ደቻቱ ዳር ነው ሱቄ፤ ከአሸዋው ፊት ለፊት፣
ቀን ልብስ እጠግናለሁ፤ የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ ዓርብ ከሰዓት።
ሃያ ሁለት አባል፣ ሃያ ሁለት ስም በደብተር፣
ሐማል፣ ቸርቻሪ፣ ፈጢራ ጋጋሪ፣ የባቡር ጡረተኛ፣ ሹፌር።

ሹፌሩ ሙክታር ነው።
ባጃጁ ጀርባ ላይ «አትቸኩል» ይላል፤ እሱ ግን ይቸኩላል፣
ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ታይዋን፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ ይበራል።

ልጁ ሂንዲያ ሰባት ዓመቷ ነው።
ድዷ ደማ፤ እግሯ ላይ ሰማያዊ ነቁጥ ወጣ፣
«ሙቀቱ ነው» አልን፤ ድሬ ላይ ምን አለ ከሙቀት ያልመጣ?
ሐረር ላክናት፤ ሐረር ደሟን አይቶ አዲስ አበባ ላካት፣
«የደም ካንሰር» አሉት በሁለት ቃል፤ እሱ በአንድ ቃል ጠየቀ፦ «በስንት?»

በስንት?
አልጋው በነጻ ነው፤ መድኃኒቱ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ»፣
ምርመራው ከውጭ፣ የእናት ማደሪያ፣ ምሳው፣ የአውቶቡሱ መዘዙ።
ነኢማ እዚያ ከልጇ ጋር፤ ታናናሾቹ እዚህ ከአክስት፣
ሙክታር ሌሊት በስልክ፣ ቀን በመሪ፤ በሁለት ከተማ አንድ ቤት።

መጀመሪያ የነኢማ ወርቅ ሄደ፤ የጣት ቀለበቷ ለሁለት ሳምንት መርፌ፣
ለፍሪጁ ገዢ ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ደብተር ዳር ጽፌ።
(በድሬ ፍሪጅ መሸጥ ውኃን ከነበረዶው መሸጥ ነው።)

ባርኔጣ አዙረን ብንለቅም፣ በፌስታል ቋጥረን ብንሰጠው፣
ቆጠረው፤ አመሰገነ፤ በነጋታው ሱቄ በር ላይ ከነፌስታሉ አስቀመጠው።
«አልሞትኩም እኮ አቦ! እጅ አለኝ፣ እሠራለሁ፣
ብድር ከሆነ ስጡኝ። ለእርዳታው ግን አመሰግናለሁ።»

አልተሟገትኩም። ዕቁብ ምጽዋት አይደለም፣
ዕጣ ነው፤ ለማንም አያዳላም፣ ማንንም አያሳፍርም።

አዲሱ ዙር ሊጀመር፣ ሐሙስ ማታ ሱቄን ዘጋሁ፣
መብራት የለም፤ ስልኬን አስደግፌ ወረቀት ቆረጥሁ።
አንደኛው ላይ ጻፍኩ፦ ሙክታር።
ሁለተኛው ላይ ሙክታር። ሦስተኛው ላይ ሙክታር።
የራሴ ጋ ስደርስ ግን እጄ ቆመች፤ አልዋሽም፣
የኤሌክትሪክ መስፊያ አስቤ ነበር፤ ሳስብ የከረምኩት ለአንድ ቀን አይደለም።
ሙክታር።

በሠላሳ ዓመት ሜትሬ ላይ አንድ ጣት አላጭበረበርኩም፣
ዓርብ ጣሳውን ስነቀንቅ ግን የማንንም ዓይን አላየሁም።
ጋሽ ዘርጋው አወጡ፤ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና «ሙክታር» አሉ፣
«የዕድልህ ነው፣ ውሰድ!» አለ ሁሉ።

ወሰደ። ፈረመ። ሃያ ሁለት ዓርብ ከፈለ፣ አንድ ቀን ሳያጓድል፣
ባጃጁን ከሸጠም በኋላ፣ የሰው እየነዳ፣ በክፍፍል።

ዙሩ አለቀ፤ መድኃኒቱ ገና ነው። ስልኬን እንደገና አስደገፍኩ፣
እንደገና ሃያ ሁለት ጊዜ አንድ ስም ጻፍኩ።

ያን ዓርብ ሂንዲያ መጣች፤ የሦስት ሳምንት ዕረፍት፣
ሻሽ አስራ፣ ያለ ቅንድብ፤ ክንዷ ላይ የፕላስተር ምልክት።
«እጇ ንጹሕ ነው፣ እሷ ታውጣ» አሉ ጋሽ ዘርጋው፤ ጣሳውን ሰጠኋት፣
አልጋ ላይ ሆና ማንበብ መልመዷን ማን ነገረኝ? እኔስ መች ጠየቅኋት?

«ሙ-ክ-ታር!» አነበበች። ሳቀች።
እጇን መልሳ ከተተች።
«ይሄም ሙክታር!» ሌላ ፈታች፤ ሌላ፤ ጣሳውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈች፣
«አባ፣ አየህ? ሁሉም አንተ ነህ!» እያለች።

ሐማሉ ጣራ ያያል። ፈጢራ ጋጋሪዋ ከጥፍሯ ሊጥ ትፍቃለች።
«ምንድን ነው ይሄ ጉድ?» ያለኝ የለም።
ያኔ ትዝ አለኝ፦ ባለፈው ዙር ጋሽ ዘርጋው
መነጽራቸውን አልያዙም ነበር። ያለ መነጽር ፊደል አይለዩም።

ሙክታር ተንበርክኮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።
ሂንዲያ ቆጠረች፤ ሃያ አንድ። አንዷ ጡጫዋ ውስጥ ነች፤ አላየውም።
ደብተሩን ተቀበለኝ። ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ።
ቀና ሳይል ተናገረ፦
«የሚቀጥለውን ዙር እኔ ነኝ የምጽፈው።»